ዕድገት ሁሉ ዋጋ አይሆንም፤ ከታኮማ ማእድ ቤት እስከ አክሲዮን ገበያ

ከሲያትል በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ታኮማ፣ ንግድ ዋጋውን ከየት እንደሚያገኝ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መነሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1911 ፍራንክ ማርስና ባለቤቱ ኤተል በዚህች ከተማ ከቤታቸው ማእድ ቤት ከረሜላ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በ1918 ማርከስ ናሊ የተባለ ከክሮኤሺያ የመጣ ስደተኛ፣ የሆቴል ምግብ አብሳይ የነበረ ሰው፣ ድንች በስሱ እየከተፈና እየጠበሰ በየሰው ደጃፍ አዞረ። በ1936 ደግሞ ፍራንክ ረስል እዚያው ታኮማ አንዲት ትንሽ የአክሲዮን ድለላ ቢሮ ከፈተ። ያቺ ቢሮ አድጋ በ1984 የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ የሚለኩትን የረስል ጠቋሚዎች አወጣች። ዛሬ የዓለም ባለሀብቶች ስለ አሜሪካ አነስተኛ ኩባንያዎች ሲነጋገሩ የሚጠቅሱት «ረስል 2000» የታኮማ ልጅ ነው።

የሦስቱ መጨረሻ ግን አንድ አልሆነም። ማርስ ታኮማ ላይ ብዙም አልቀናውም። በ1920 ወደ ሚኒሶታ ተመለሰ፤ በ1923 ሚልኪ ዌይ የተባለውን ከረሜላ ለገበያ አወጣ፤ ኩባንያው እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ነው። የናሊ ጥብስ ድንች ትልቅ የምግብ ፋብሪካ ሆኖ የከተማዋ አንድ ሸለቆ በስሙ እስከ መጠራት ደረሰ፤ ከመሥራቹ በኋላ ግን ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቆይቶ በ2011 የታኮማው ፋብሪካ ተዘጋ። ረስል ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሲያትል አዛወረ፤ በ2014 የለንደን አክሲዮን ገበያ ቡድን በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ዛሬ በዚሁ አካባቢ፣ የሲያትል ኪራይ ሲወደድ ወደ ሬንተን፣ ኬንት፣ ፌደራል ዌይና ታኮማ የወረደው ኢትዮጵያዊ ወገናችን በየቤቱ ይነግዳል። ዳቦ የሚጋግር፣ ቅመም የሚያዘጋጅ፣ ዴይኬር የከፈተ፣ አረጋውያን የሚጦር፣ ታክስ የሚሠራ፣ መኪና የሚያከራይ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ «ሥራው እንዴት ነው?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እያደገ ነው» ይላሉ። ያደገው ምኑ ነው? ሽያጩ? የሥራ ሰዓቱ? ወይስ ነገ ለልጅ የሚተርፍ፣ ለገዢ የሚሸጥ፣ ባለቤቱ ሲታመም የማይታመም ነገር? ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከትልቁ ኩባንያ ሒሳብ እስከ ቤት ውስጥ ንግድ ተከትሎ ይሄዳል። የጽሑፉ አቋምም ይህ ነው፦ በቤት ውስጥ ንግድ ትርፍ ብለን የምንጠራው በአብዛኛው ያልተከፈለ የቤተሰብ ድካም ነው፤ ያ ድካም ተቆጥሮ ሳይከፈል ዕድገት አለ ማለት አይቻልም።

ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው?

የኩባንያ ፋይናንስ መጻሕፍት ብዙ ገጽ ቢኖራቸውም መሠረታቸው ሦስት ጥያቄ ነው። ንግዱ ለባለቤቱ ወደፊት ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ ያስገባል? ገንዘቡ የሚመጣው መቼ ነው? ላይመጣ የሚችልበት ሥጋትስ ምን ያህል ነው? የዛሬ መቶ ብር ከከርሞ መቶ ብር እንደሚበልጥ ዕቁብ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል። የተረጋገጠ መቶ ብርም ከሚያጠራጥር መቶ ብር ይበልጣል። ስለዚህ ገዢ የወደፊቱን ገቢ ወደ ዛሬ ሲያመጣው ለመዘግየቱና ለሥጋቱ ይቀንስለታል። ሥጋቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው ዓመታዊ ምላሽ ይጨምራል፤ ንግዱም ይረክሳል።

በምሳሌ እንየው። የባለቤቱ ደመወዝ ሳይቀር ወጪው ሁሉ ተከፍሎ በዓመት 30,000 ዶላር የሚተርፈው ንግድ አለ እንበል። ትንሽ ንግድ ሥጋቱ ብዙ ስለሆነ ገዢው በዓመት 20 በመቶ ምላሽ ይፈልጋል። ንግዱ ባያድግም ትርፉ የሚቀጥል ከሆነ ዋጋው 30,000 ለ0.20 ሲካፈል 150,000 ዶላር ነው።

አሁን ባለቤቱ በየዓመቱ በ5 በመቶ ላሳድገው አለ። ለማሳደግ ዕቃና ቦታ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም ከትርፉ ይወጣል። ያስገባው ገንዘብ በዓመት 10 በመቶ ብቻ የሚመልስ ከሆነ 5 በመቶ ለማደግ የትርፉን እኩሌታ መልሶ ማፍሰስ አለበት። በእጁ የሚቀረው 15,000 ነው። ያንን ዕድገቱ ተቀንሶ በቀረው 15 በመቶ ስናካፍለው ዋጋው 100,000 ዶላር ይሆናል። ንግዱ አደገ፣ ዋጋው ግን ከ150,000 ወደ 100,000 ወረደ። ያስገባው ገንዘብ 40 በመቶ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ ለተመሳሳይ ዕድገት የሚያፈሰው 3,750 ዶላር ብቻ ስለሚሆን ዋጋው ወደ 175,000 ከፍ ይል ነበር።

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። ዕድገት በራሱ ምንም አይጨምርም። ዋጋ የሚጨምረው ለዕድገቱ የፈሰሰው ገንዘብ፣ ያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ከሚያስገኘው በላይ ሲመልስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚመልስ ማስፋፋት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ነው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፍተው አንደኛውንም ያጡ ምግብ ቤቶች ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጊዜውም ልብ ይባል። ታኮማ ውስጥ በ1900 የተመሠረተው የእንጨት ኩባንያ ዌየርሀውዘር ከኖርዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ 900,000 ኤከር ደን በኤከር 6 ዶላር ገደማ ገዝቶ ጀመረ። ዛፍ አድጎ እስኪቆረጥ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ንግድ ሊኖር የሚችለው የሚታገሥ ገንዘብ ያለው ሰው ሲይዘው ነው። በክሬዲት ካርድ ወለድ የሚጀመር ንግድ ያን ትዕግሥት አያገኝም፤ የቤት ኪራይና የካርድ ዕዳ በየወሩ ይጠራዋልና።

የቤት ውስጥ ምግብ ሒሳብ

ሲያትልና ታኮማ የሚገኙባት ዋሽንግተን ግዛት በ2011 ባወጣችው ሕግ ሰው ከቤቱ ማእድ ቤት አንዳንድ ምግቦችን ሠርቶ መሸጥ ተፈቀደለት። ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው። ቶሎ የማይበላሹ ነገሮች ይፈቀዳሉ፦ ዳቦና ኩኪስ፣ ጃም፣ ከተፈቀደ አቅራቢ የተገዙ ደረቅ ቅመሞች ድብልቅና የመሳሰለው። ሽያጩ በቀጥታ ለተመጋቢው ነው፤ ለሱቅ ማስረከብ አይቻልም። የዓመት ሽያጩም ጣሪያ አለው፤ በ2023 በተደረገው ማሻሻያ ጣሪያው 35,000 ዶላር ሆኗል።

ይህን ጣሪያ ይዘን ሒሳብ እንሥራ። አንዲት እናት ጣሪያውን ሞልታ 35,000 ዶላር ሸጠች እንበል። ዱቄት፣ ቅመም፣ ማሸጊያ፣ መብራት፣ ነዳጅና ፈቃድ 15,000 ወሰደ። 20,000 ዶላር ተረፈ። ቤተሰቡ ይህን ትርፍ ይለዋል፤ የታክስ ቅጹም እንደዚያው ይጽፈዋል። ነገር ግን በሳምንት 25 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ሠርታለች፤ 1,250 ሰዓት መሆኑ ነው። የግዛቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2025 16.66 ዶላር ነበር። 1,250 በ16.66 ሲባዛ 20,825 ዶላር ይመጣል። ለራሷ ዝቅተኛውን ክፍያ ብትከፍል ኖሮ ንግዱ በ825 ዶላር ይከስር ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ሥራው ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። ልጅ እያሳደጉ ቤት ሆኖ መሥራት፣ ጊዜን ራስ ማዘዝ፣ እንግሊዝኛው ገና ሳይቃና ገቢ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ከሌላ ሰው በታች ተቀጥሮ መዋልና በራስ ቤት መዋል በገንዘብ ብቻ አይለካም። ሆኖም እናታችን ያገኘችው ደመወዝ ነው። ንግዱ ራሱ ገና ዋጋ የለውም፤ እሷ ከምድጃው ዞር ባለች ማግስት ይቆማል። ይህን አውቃ ብትጀምር የመጀመሪያውን ዓመት መማሪያ ታደርገዋለች፦ የትኛው ዳቦ ቶሎ ያልቃል፣ ደንበኛው ስንት ይከፍላል፣ የትኛው ሥራ ሰዓት ይበላል? ሳታውቅ ከገፋችበት ግን ትርፍ መስሏት አሥር ዓመት ያልፋል።

ቀጣዩ ደረጃ ሰፊ ገደል ነው። ዳቦውን ወይም እንጀራውን ለሱቅ ማስረከብ የፈለገች ፈቃድ ያለው የንግድ ማእድ ቤት መከራየት፣ ሌላ ፈቃድ ማውጣት፣ መድን መግባት፣ ምናልባትም ሰው መቅጠር አለባት። ወጪው በእነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ገቢው ግን በዝግታ ይከተላል። ጥሩ የሚሸጡ ብዙ የቤት ጋጋሪዎች የሚወድቁት በዚህ መካከል ነው። ለዝላዩ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለመሣሪያ ብቻ ሳይሆን ገቢው እስኪደርስ ለሚያልፉት ወራትም መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ማስላት ያድናል።

ናሊ የጀመረው በአንድ ነገር፣ በጥብስ ድንች ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከአንዲት ሴት ማእድ ቤት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቂቤና ዶሮ ወጥ ሁሉ እንዲወጣ እንጠብቃለን። ደንበኛን ማስደሰት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ሰዓትና ብክነት ይዞ ይመጣል። አንድ የጣፈጠ ነገር በብዛት መሥራት የሰዓቱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ ለሌላ ሰው ለማስተማርም ይቀላል።

ሕፃናትና አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት

ታኮማና ሲያትል በሚገኙባቸው በፒርስና በኪንግ ካውንቲዎች ከምግብ ሥራ የበለጠ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባቸው ሁለት የቤት ውስጥ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ዴይኬር ነው። በዋሽንግተን ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው በመኖሪያ ቤቱ እስከ 12 ሕፃናት መያዝ ይችላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው በ2018 የተቋቋመው የሕፃናት፣ ወጣቶችና ቤተሰቦች መሥሪያ ቤት ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ወላጆች መንግሥት ከክፍያው አብዛኛውን ይሸፍናል። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ እናቶች የገቡበት መስክ ነው፤ የወላጅ ቋንቋ የሚናገርና የልጁን ምግብ የሚያውቅ ሞግዚት ማግኘትም ለወላጁ ከገንዘብ በላይ ነው።

ሁለተኛው አደልት ፋሚሊ ሆም ነው፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚጦሩበት። ሕጉ 6 ሰው ይፈቅዳል፤ ተጨማሪ መስፈርት ያሟላ ቤት እስከ 8 መያዝ ይችላል። ባለቤት ለመሆን የሚጠይቅ ሰው በቅርብ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ሰው በቀጥታ ተንከባክቦ መሆን አለበት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በረዳትነት ሌሊት ሲሠራ የኖረ ሰው ይህን መስፈርት በላቡ አሟልቷል ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ከተቀጣሪነት ወደ ባለቤትነት የተሻገሩበት ድልድይ ይህ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ስለ ዋጋ ሦስት ትምህርት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የአቅም ጣሪያ ነው። ቤቱ 6 ወይም 8 ሰው ከያዘ በኋላ ዕድገት የሚመጣው በቁጥር አይደለም፤ አልጋ ባዶ የሚያድርበትን ቀን በመቀነስ፣ እንክብካቤው ከባድ የሆነና ክፍያው የተሻለ ታማሚ ለመቀበል በመሠልጠን፣ ሠራተኛ እንዳይለቅ በማድረግ ነው። ይህን ያልተረዳ ወዲያው ሁለተኛ ቤት ይገዛል፤ ሁለተኛው ቤት ደግሞ የራሱ ሥራ አስኪያጅ፣ የራሱ የሌሊት ተረኛ፣ የራሱ የቤት ዕዳ አለው።

ሁለተኛው ትምህርት የአንድ ከፋይ ሥጋት ነው። ነዋሪዎቹ በሙሉ በሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፈልላቸው ከሆነ የንግዱ ገቢ በግዛቱ ዋና ከተማ ኦሊምፒያ በሚወጣ በጀት ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍያው በሰዓቱ የሚመጣ መሆኑ ሥጋት ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ዋጋውን ራሱ መተመን አለመቻሉ ደግሞ ይጨምራል። ገዢም ሆነ አበዳሪ ይህን ይመዝናል።

ሦስተኛው ለመሸጥ ሲታሰብ ይገለጣል። የአደልት ፋሚሊ ሆም ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አዲሱ ባለቤት የራሱን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ፣ ዕቃው፣ የሠለጠኑት ሠራተኞችና በአካባቢው ያለው መልካም ስም ነው። ባለቤቷ ራሷ ምግብ አብሳይ፣ ራሷ የሌሊት ተረኛ፣ ራሷ ሒሳብ ያዥ ሆና ከኖረች የቤቱ ዋጋ ይገኛል እንጂ የንግዱ ዋጋ አይገኝም፤ እሷ ስትወጣ ንግዱም አብሯት ይወጣልና። ለዓመታት ሌሊት በነፃ የነቁ ባልና ሚስት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ዕቃ ያጠቡ ልጆች ሁሉ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሉም። በእነሱ ምትክ ሰው ቢቀጠር የሚወጣው ወጪ ግን ገዢው የመጀመሪያ ወር ላይ ይደርስበታል። ትናንሽ ንግዶች ባለቤቱ በዓመት ከሚያገኘው ጠቅላላ ጥቅም በሁለትና በሦስት እጥፍ አካባቢ የሚሸጡትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ገዢ የባለቤቱን ድካም አብሮ እንደማይገዛ ያውቃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በ1958 ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና መርተን ሚለር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፣ ታክስና ሌላ እንቅፋት ባይኖር ኖሮ የአንድ ንግድ ዋጋ በብድር ወይም በራስ ገንዘብ በመቋቋሙ እንደማይለወጥ አሳዩ። ዋጋው የሚመነጨው ንግዱ ከሚሠራው ሥራ ነው። ሐሳቡ ለማእድ ቤትም ይሠራል፦ ብድር ማግኘት ራሱ ዕድገት አይደለም። በገሐዱ ዓለም ግን ታክስም እንቅፋትም ስላሉ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ለትንሽ ነጋዴ የሞት የሽረት ጉዳይ ይሆናል።

የእኛ ቀዳሚ ምንጭ ዕቁብ ነው። 20 ሰው በወር 500 ዶላር ሲጥል ዕጣው 10,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ በመጨረሻው ወር የሚደርሰው ያለ ወለድ አበደረ። የቸገረው ሰው ዕጣ የደረሰውን ለምኖ የተወሰነ ገንዘብ ጨምሮ ዕጣውን ሲገዛው ደግሞ ለጊዜ ዋጋ ይተመናል፤ ይህ የአበዳሪ ባንክ ሥራ ነው፣ ያውም በወዳጆች መካከል። ዕቁብ ያለ ዋስትና ንብረትና ያለ ክሬዲት ታሪክ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ መቆጠብንም ያስገድዳል። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። ዕጣው የሚደርሰው ንግዱ በሚፈልግበት ወር ላይሆን ይችላል። ለ20 ወር አንድም ቀን ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው ታማኝነቱም በየትኛውም ባንክ መዝገብ ላይ አይጻፍለትም።

ስለዚህ ከዕቁቡ ጎን ለጎን የተመዘገበ ብድር ያስፈልጋል። የፌደራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር በአካባቢ አበዳሪዎች በኩል እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የማይክሮ ብድር ይሰጣል፤ በሲያትል የሚገኘው ቢዝነስ ኢምፓክት ኖርዝዌስት ለትናንሽ ነጋዴዎች ብድርና ምክር ከሚሰጡት አንዱ ነው፤ ታኮማ ውስጥም ዊልያም ፋክተሪ የሚባለው የአነስተኛ ንግድ ማሳደጊያ አለ። የእነዚህ ደጅ ለወገናችን ሩቅ የሚመስለው በቋንቋና በወረቀት ምክንያት ነው። ሁሉም በመጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ የታክስ ወረቀት።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ጥሬ ገንዘብ የሚገባበት ንግድ ሽያጩን ዝቅ አድርጎ ማስታወቁን ብዙዎች እንደ ብልሃት ያዩታል። ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ ሒሳቡም አይወጣም። ለራስ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር ግብር 15.3 በመቶ ነው፤ ያልታወቀ 10,000 ዶላር ከዚህ ግብር ወደ 1,500 ዶላር «ያድናል»። ንግዱ ሲሸጥ ግን ገዢ የሚያምነው በወረቀት ያለውን ትርፍ ብቻ ስለሆነ፣ ትርፉ በሁለት እጥፍ ተኩል ቢገመት ያው የተደበቀ 10,000 ዶላር 25,000 ዶላር ዋጋ ይቀንሳል። የቤት ብድር ሲጠየቅ ያጎድላል፤ ለጡረታ የሚቆጠረውንም ይቀንሳል። ዋሽንግተን የግለሰብ ደመወዝ ግብር የላትም፤ በንግድ ላይ የምትጥለው ግብር ግን ለአነስተኞች ቅናሽ ቢኖረውም በትርፍ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚሰላ ነው። የከሰረም ይከፍላል። ስለዚህ ሽያጭን ማብዛት ብቻውን ግብ ያደረገ ንግድ እዚህ ግዛት ውስጥ በተለይ መጠንቀቅ አለበት።

ስም ሲሸጥ

የማይዳሰስ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ኢትዮጵያውያን ከሲያትል ኩባንያ ጋር በገጠሙት ክርክር ተምረናል። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጌታቸው መንግሥቴ የተመራው ሐሳብ ቀላልና ጥልቅ ነበር፦ ገበሬው የሚሸጠው ጥሬ ቡና ቢሆንም ጠጪው ውድ ዋጋ የሚከፍለው ለስሙ ነው፤ ስሙ የማን እንደሆነ ያልተመዘገበ ዕሴት ግን ሌላ ይወስደዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ በ1971 በሲያትል የተከፈተው ስታርባክስም መጀመሪያ አልተስማማም። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች ርእስ ሆነ። በሰኔ 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ የስም አጠቃቀም ስምምነት ተፈራረሙ።

ሐሳቡ ለእኛ ሕግም እንግዳ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ከግድግዳውና ከዕቃው ለይቶ፣ ዋናው ነገሩ ነጋዴው ከደንበኞቹ ጋር ያለው መልካም ዝና መሆኑን ደንግጎ ነበር። የሚሸጠውም፣ የሚከራየውም፣ በዋስትና የሚያዘውም ያ ዝና ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ፤ የቤት ነጋዴ ኪሱንና ንግዱን የሚለይበት በር ተከፈተለት።

ታኮማ ላይ ይህ ሁሉ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር ነው። በዋሽንግተን አንድ የንግድ ስም ለማስመዝገብ የሚከፈለው ከማመልከቻ ክፍያው በተጨማሪ 5 ዶላር ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ለማቋቋም 200 ዶላር ገደማ ይበቃል። «የእገሊት በርበሬ» እየተባለ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፍ ዝና በስም፣ በተጻፈ የአሠራር መጠንና በደንበኞች ዝርዝር ካልታሰረ ከባለቤቷ ጋር ያረጃል። በኪሎ ስንት ማንኪያ ኮረሪማ እንደሚገባ በወረቀት ሲጻፍ ሙያው ከእጅ ወጥቶ ንብረት ይሆናል፤ ልጅ ሊወርሰው፣ ሠራተኛ ሊማረው፣ ገዢ ሊገዛው ይችላል።

አገር ቤት ያለው ገበያ

ዲያስፖራው ቁጠባውን ወደ አገር ቤት አክሲዮን ሲልክም ያው ሦስቱ ጥያቄ ይከተሉታል። የውጭ ዜግነት የያዙ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2016 ከባንክ ባለአክሲዮንነት እንዲወጡ ተደርገው በ2019 በወጣ ሕግ እንደገና ተፈቀደላቸው። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር ጥሩ የትርፍ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን በዶላር ለሚያስብ ሰው ግማሽ ሊሆን የቻለው በዚህ ነው። ሥጋት ስንል የምንዛሪንም፣ የሕግ ለውጥንም ማለታችን ነው።

በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሽያጭ ማቅረብ ጀምሮ፣ ሽያጩ እስኪዘጋ 10.7 ሚሊዮን ያህል ሸጠ፤ ከ47,000 በላይ ገዢዎች ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር ከፈሉ። የሚደንቀው የቀረው ብዛት ሳይሆን ያን ያህል ሰው በትንሽ በትንሹ መግባቱ ነው። ገበያ ሲኖር የአክሲዮን ዋጋ ከወሬና ከዘመድ ምክር ወጥቶ በታወቀ ሒሳብ ላይ መቆም ይጀምራል፤ የፈለገም ሸጦ መውጣት ይችላል። መውጫ የሌለው አክሲዮን፣ ትርፍ ቢኖረውም፣ ዋጋው ጎዶሎ ነው። ለቤት ውስጥ ንግድም እንደዚያው።

የሚተርፈው ምንድን ነው?

ወደ ሦስቱ የታኮማ መሥራቾች ስንመለስ ልዩነታቸው ከዚህ ሁሉ ጋር ይገጥማል። ማርስ ከተማ ለወጠ፣ ንግዱን ግን በቤተሰብ አቆየ። የናሊ ስም በሸለቆው ላይ ቀረ፣ ፋብሪካው ግን ሩቅ ላሉ ባለቤቶች ሒሳብ ከሚዘጉት አንዱ ሆነ። ረስል በቢሊዮን ተሸጠ፣ ታኮማ ግን ሥራውን አጣች። ዋጋ ሲፈጠር ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ባለቤትነቱ ነው። ማኅበረሰባችንም ይህን ማሰብ አለበት፤ ሁሉን በመሸጥ ወይም ሁሉን በመያዝ ሳይሆን፣ ሠራተኛም ዘመድም በድርሻ የሚገባበትን መንገድ በወረቀት በማዘጋጀት።

ለቤት ነጋዴ የሚጠቅመው የመጀመሪያ ርምጃ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰና የከበደ ነው። ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። የባልም፣ የሚስትም፣ የልጆችም ሰዓት ይመዝገብ፤ ገንዘቡ ባይኖር እንኳ የሚገባቸው ክፍያ በወረቀት ይያዝ። በየወሩ መጨረሻ ያ ክፍያ ተቀንሶ የቀረው ቁጥር ይታይ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ዋጋ መጨመር፣ ዓይነት መቀነስ ወይም ሥራውን እንደ ደመወዝ ቆጥሮ በሰላም መቀጠል ይቻላል፤ ሦስቱም የተከበሩ ምርጫዎች ናቸው። ከዜሮ በላይ ከሆነ ያ ትርፍ ምን ያህል እንደሚመልስ ታይቶ ወደ ማስፋፋት ይኬዳል።

በዚህ አገር የመጀመሪያው ትውልድ ሌሊቱን ሸጦ ልጆቹን አስተምሯል። ይህ ውለታ በምንም ሒሳብ አይተመንም። ነገር ግን በማይታይ ድካም የተገነባ ንግድ ለልጅ ሲሰጥ ልጁ የሚወርሰው ያንኑ ድካም ነው፤ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸውን ሥራ አልፈልግም የሚሉትም ስለሚንቁት ሳይሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ ዋጋውን ስላዩት ነው። የእናት ሰዓት በመዝገብ ላይ የተጻፈበት፣ ደመወዟ ተከፍሎ የቀረው ትርፍ የተባለበት ንግድ ግን ለልጁ ሸክም ሳይሆን ምርጫ ሆኖ ይቀርብለታል። ንግዱ ትንሽ ሆኖ ቢቀር እንኳ፣ ቢያንስ ማንንም ሳይበላ የቆመ ይሆናል። በዚህ ላይ የተጨመረ ዕድገት ብቻ ነው ዋጋ የሚባለው።